በጨለማ የሚያበራ ቀለም መብራት ሲጠፋ አብሮ ለምን ይጠፋል?

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሉሚነሰንስ ከፍሎረሰንስና ከፎስፎረሰንስ በምን ይለያል? ሁለተኛ፣ ለደረጃህ ጠርዝ «በጨለማ ያበራል» ተብሎ የገዛኸው ቀለም መብራት ስታጠፋ ለምን ድርግም ይላል? የሁለተኛው መልስ በአንደኛው ውስጥ ስላለ ከዚያ ልነሳ።

ሉሚነሰንስ የጥቅል ስም ነው። አንድ ነገር በግለት ሳይሆን በሌላ መንገድ ባገኘው ጉልበት ብርሃን ከሰጠ ሉሚነሰንስ ይባላል። የጋለ ብረትና የድሮው የሽቦ አምፖል እዚህ አይገቡም። ስሙን በ1888 ያወጣው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ አይልሃርት ቪደማን ነው። ከፊቱ የሚቀጠለው ቃል ጉልበቱ ከየት እንደመጣ ይነግርሃል፦ ከኬሚካላዊ አጸግብሮት ከሆነ ኬሚሉሚነሰንስ፣ ያው አጸግብሮት በሕያው አካል ውስጥ ከሆነ (እንደ ብርሃን ሰጪ ጥንዚዛዎች) ባዮሉሚነሰንስ፣ ከኤሌክትሪክ ከሆነ ኤሌክትሮሉሚነሰንስ፤ ኤልኢዲ የሚሠራው በዚህ ነው። ቀድሞ ከዋጠው ብርሃን ከሆነ ደግሞ ፎቶሉሚነሰንስ።

ፍሎረሰንስና ፎስፎረሰንስ ሁለቱም ፎቶሉሚነሰንስ ናቸው፤ በተግባር የሚለያቸው የሚቆዩበት ጊዜ ነው። በፍሎረሰንስ የተነሳው ኤሌክትሮን በናኖሰከንዶች ውስጥ ስለሚመለስ ምንጩ ሲጠፋ ብርሃኑም አብሮ ይጠፋል። የማድመቂያ እስክሪብቶና የብር ኖት ላይ በአልትራቫዮሌት (ዓይን በማያየው ጨረር) የሚታዩት ምልክቶች እንዲህ ናቸው። በፎስፎረሰንስ፣ ማለትም በጨለማ በሚያበራ ቀለም ውስጥ ግን ጉልበቱ በቀለሙ ጥቃቅን ክሪስታሎች ጉድለቶች ተይዞ ይቀራል፤ የክፍሉ ሙቀት ቀስ በቀስ እየነቀነቀ ያስለቅቀዋል። ስለዚህ ሲሞቅ ይደምቃል ግን ቶሎ ያልቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይደበዝዛል ግን ይቆያል።

አሁን ቀለምህን ፈትነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ የአልትራቫዮሌት የእጅ ባትሪ አብራበትና አጥፋ። አብሮ ከጠፋ የተሸጠልህ ፍሎረሰንት ቀለም ነው፤ ምንም ብታደርገው ሌሊት አያበራም። ጥቂት ደቂቃ በርቶ ከሞተ የድሮው ዚንክ ሰልፋይድ ሊሆን ይችላል። የምትፈልገው ኢሮፒየምና ዲስፕሮሲየም የተባሉ ንጥረ ነገሮች የተጨመሩበት ስትሮንሺየም አሉሚኔት የሚባለው ዱቄት ያለበት ነው፤ ለሰዓታት ይቆያል፣ አረንጓዴውም ለዓይን ከሁሉ ይደምቃል።

ዱቄቱን ገዝተህ ራስህ የምትበጠብጥ ከሆነ፣ ለ100 ግራም ጥርት ያለ ቫርኒሽ ወይም ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) 30 ግራም ያህል ጨምር። ከዚህ ካነሰ ብርሃኑ ይሳሳል፣ በጣም ቢበዛ ደግሞ ለመቀባት ያስቸግራል። ባለቀለም ቅብ ውስጥ አትክተተው፤ ገብቶ የሚሞላውንም፣ የሚወጣውንም ብርሃን ይውጥብሃል። ዱቄቱ ከባድ ስለሆነ ይዘቅጣል፣ በየመሃሉ አማስለው። ማማሰያው እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይሁን፤ ፍሬው ጠንካራ ስለሆነ ብረትን ይፍቅና ቀለሙን ያጠቁረዋል። ይላም ብለህ አትውቀጠው፣ ክሪስታሉ ሲሰባበር ብርሃኑ ይቀንሳል። ዱቄቱን ስትነካ የአፍንጫ መሸፈኛ አድርግ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውኃ ላይ ነው። ያልተሸፈነ ስትሮንሺየም አሉሚኔት ከውኃ ጋር ሲገናኝ ይፈርሳል፤ ቅቡ ይጓጉላል፣ ብርሃኑም ይሞታል። በውኃ የሚበጠበጥ ቅብ ከመረጥክ ውኃ እንዳይነካው የተሸፈነውን ዓይነት ጠይቀህ ግዛ።

ከስር ነጭ ቀባ። ጥቁር መደብ ወደ ኋላ የሚሄደውን ብርሃን ስለሚውጠው፣ ነጩ ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ከዚያ አንድ ወፍራም እጅ ከመቀባት ሁለት ሦስት ስስ እጅ፣ በየመሃሉ እያደረቅክ። ከላይ የምትደርበው መከላከያ አልትራቫዮሌት የሚያግድ መሆን የለበትም፤ ፀሐይን ሊከላከልልህ ብሎ ቀለሙ የሚሞላበትን ጨረር ይዘጋበታል።

አሞላሉ ላይ ወሳኙ የብርሃኑ ዓይነት ነው። አልትራቫዮሌትና ሰማያዊ ይሞሉታል፣ ቀይ አይሞላውም። ስለዚህ ፀሐይና ነጭ ኤልኢዲ ጥሩ ናቸው፤ የሽቦ አምፖል ደካማ ነው። ጠንካራ ብርሃን ስር በደቂቃዎች ይጠግባል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ብታሰጣው የሚጨምረው ነገር የለም። ቀን ብርሃን የማይደርስበት ደረጃ ከሆነ ግን ማታ ከየትም አምጥቶ አያበራም።

ሻጮች ስለሚሉት ሰዓትም አትታለል። ድምቀቱ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በፍጥነት ይወርድና ከዚያ ረጅም ደብዛዛ ጭራ ይኖረዋል። «ይህን ያህል ሰዓት ያበራል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ድምቀቱ በካሬ ሜትር 0.32 ሚሊካንዴላ (የድምቀት መለኪያ) እስኪደርስ ተቆጥሮ ነው፤ ይህ ጨለማ የለመደ ዓይን ብቻ የሚያየው ነው። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ 20 እስከ 30 ደቂቃ ስለሚፈልግ፣ መብራት አጥፍተህ ወዲያው «አይሠራም» አትበል።

በቀለሙ ምትክ እየታጠፈ የሚበራውን የፕላስቲክ ዘንግ ለመጠቀም ካሰብክ፣ እሱ ኬሚሉሚነሰንስ ነው፤ በብርሃን አይሞላም። ፍሪዘር ውስጥ ብታስቀምጠው አጸግብሮቱ ስለሚዘገይ ትንሽ ይራዘማል። ቀደህ ግን አትክፈተው፣ ፈሳሹ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፣ ውስጡም የተሰበረ ብርጭቆ አለ።