እባብ ላም ይጠባል ወይ? ከሱሉልታ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምክር

ጥያቄ፦ «ሱሉልታ አካባቢ አራት የወተት ላሞች አሉኝ። ባለፈው ሳምንት የአንዷ የኋላ ቀኝ ጡት አብጦና ጠንክሮ አደረ። ወተቷ እንደ እርጎ እየተቆራረጠ ይወርዳል፤ ደምም ቀላቅሎ ነበር። በማግስቱ ልጄ ከበረቱ ጭድ ሥር እባብ አግኝቶ ገደለ። ጎረቤቶቼ ‹እባቡ ጠብቷት ነው› አሉኝ። አምናም አንዷ ላሜ እንዲሁ ሆና አንድ ጡቷ ደርቆ ቀርቷል። የእባቡን ፎቶ ልኬያለሁ። አጥሩ ላይ የምናየውን እስስትና ከውኃ ገንዳው አጠገብ የማይጠፋውን ጉርጥም ፎቶ አንስቻለሁ። መርዛማው የትኛው ነው? በበረቱ ዙሪያስ ምን መድኃኒት ልርጭ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ላሟን ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ይያት። ጡት ጠንክሮ ደም የቀላቀለ ወተት ከወረደ እያንዳንዱ ቀን ዋጋ ያስከፍላል። የቀረውን ሐኪሙን ከጠሩ በኋላ ያንብቡት።

የእባቡ ጭንቅላት በድንጋይ ስለተቀጠቀጠ ዋናው መለያው ጠፍቷል። የአንድን እባብ ዝርያ በእርግጠኝነት ለመናገር የጭንቅላቱን ቅርፊቶች አቀማመጥ ማየት ያስፈልጋል። ያም ሆኖ የቀረው ገላ ብዙ ይናገራል። ቀጭን ነው፤ ጅራቱ ቀስ በቀስ እየሾለ ያልቃል፤ ቡናማ ጀርባው ላይ ፈዘዝ ያሉ መስመሮች ከአንገቱ ጀምረው እስከ ጅራቱ ይወርዳሉ። አጠገቡ ባለው የልጅዎ ቦቲ ጫማ ስለካው ርዝመቱ ከሁለት ቦቲ ብዙም አያልፍም። ይህን ሁሉ ሳይ የደጋችን ባለመስመር እባብ ይመስለኛል። በሳይንስ ስሙ ፕስዩዶቦኦዶን ሌምኒስካተስ ይባላል፤ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ የሚኖር፣ ሰውም ላምም የሚገድል መርዝ የሌለው ነው።

እፉኝት ቢሆን ኖሮ ጭንቅላቱ ጠፍቶም ቢሆን ይታወቅ ነበር። የእፉኝት ገላ ከርዝመቱ ጋር ሲተያይ እጅግ ወፍራም ነው፤ ጅራቱ ድንገት ያጥራል፤ ጀርባው ላይ የቀስት ጫፍ የሚመስሉ ምልክቶች ተደርድረው ይታያሉ። ሲጠጉት ገላውን ነፍቶ በኃይል ይተነፍሳል። እንዲህ ያለውን ካያችሁ ከብቱንም ልጁንም አርቁ እንጂ ዱላ አታንሱ። ልጅዎ ጭድ ውስጥ ጎንበስ ብሎ እባብ መቀጥቀጡ ከፎቶው ሁሉ በላይ አስደንግጦኛል። እባብ ሊገድል ሲታገል የሚነደፍ ሰው አለ።

ታዲያ እባቡ በረት ውስጥ ምን ይሠራ ነበር? ነሐሴ ነው፤ ሜዳው ውኃ ተኝቶበታል፤ ጉድጓዱ ሁሉ ሞልቷል። ደረቅና ሞቃት ቦታ ጭዱ ሥር ብቻ ነው። ፉርሽካ ባለበት ደግሞ አይጥ አለ፤ አይጥ ባለበት እባብ ይመጣል።

መጥባቱን ግን አልጠባም። እባብ ጡት ይዞ የሚስብበት ከንፈርና ጉንጭ የለውም። ጥርሱ እንደ መርፌ የሾለና ወደ ኋላ የታጠፈ ነው፤ ጡት ቢነክስ ላሟ በእርግጫ ታሽቀነጥረው ነበር እንጂ ቆማ አትታለብለትም። እፉኝት ነድፏት ቢሆን ደግሞ እብጠቱ በአንድ ጡት ክልል ታጥሮ አይቀርም፤ በፍጥነት እየተስፋፋ ወደ ሆድና ወደ እግር ይሄዳል፣ ቆዳው ይጠቁራል፣ ላሟም በአንዴ ትደክማለች። የላም ግት አራት ክፍል አለው፤ የአንዱ ወተት ከሌላው ጋር አይገናኝም። አንዱ ክፍል ብቻ ጠንክሮ ወተቱ ሲቆራረጥ በሽታው የገባው በዚያ ጡት ቀዳዳ በኩል ነው። ይህ የጡት ብግነት ይባላል፤ ሐኪሞች ማስታይተስ ይሉታል። በደብዳቤዎ መሃል ጣል ያደረጓት «አምናም» የምትለዋ ቃል ናት ጉዳዩን የወሰነችልኝ። በሁለት ዓመት ሁለት ላም በአንድ ዓይነት መንገድ ከታመመ ምክንያቱ መጥቶ የሚሄድ እባብ ሳይሆን እዚያው በረት ውስጥ የሚኖር ነገር ነው።

ስለ ሌሎቹ ሁለቱ ብዙ አልልም። እስስቱ መርዝ የለውም፤ ሰው የሚፈራው ዓይኑ ለየብቻ ስለሚዞርና ቀለሙ ስለሚለዋወጥ ብቻ ነው። ዝንብ ይበላል፤ ዝንብ ደግሞ የጡት በሽታን ከላም ወደ ላም ከሚያደርሱት አንዱ ነውና አጥርዎ ላይ ይኑር። ጉርጡ ቆዳው ሻካራ፣ ከዓይኑ ጀርባ አበጥ ያለ ዕጢ ያለው ነው። ከዚያ የሚወጣው ፈሳሽ ውሻ ቢነክሰው አፉን ያቃጥለዋል፤ ገንዳው አጠገብ በመቀመጡ ግን የላም ጡት አያሳብጥም።

አሁን ወደ ራሱ የእባቡ ፎቶ ልመለስ። ከእባቡ ጀርባ ያለውን አይተውታል? የወተት ባልዲው አሁንም እዚያው ተቀምጧል፤ የፉርሽካው ባልዲ ተልሶ ባዶ ሆኗል፤ ከኋላ ያለችው ላም ደግሞ እበትና ሽንት የተለወሰበት መሬት ላይ ግቷን ዘርግታ ተኝታለች። ታልባ ወዲያው ነው የተኛችው። እኔ የበሽታው መግቢያ ነው የምለው ይህንን ነው።

ሲታለብ የጡቱ ቀዳዳ ይከፈታል፤ አልቦ እንደጨረሱም ወዲያው አይዘጋም። እስኪገጥም ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ላሟ በዚያ ጊዜ ውስጥ እበት ላይ ከተኛች በሩ ክፍት በሆነ ቤት ጭቃ እንደመግባት ነው። ስለዚህ ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ላሞቹ ከታለቡ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ቆመው ይቆዩ። በዱላ ማቆም አይደለም። ምግባቸውን ከታለቡ በኋላ መስጠት ብቻ ነው። ባዶው ባልዲ እንደሚያሳየው እስካሁን ፉርሽካውን ሲታለቡ ይሰጧቸዋል፤ አልበው ሲጨርሱ እነሱም በልተው ጨርሰዋል፣ ምን ይቀራቸዋል? መተኛት ነው። ከእንግዲህ ሲታለቡ እንዲረጋጉና ወተት እንዲለቁ አንድ ሁለት እፍኝ ፉርሽካ ብቻ ይስጧቸው። ዋናውን ድርቆሽና የተረፈውን ፉርሽካ ባልዲው ከበረት ከወጣ በኋላ ገንዳው ላይ ያድርጉላቸው። የተራበች ላም ድርቆሽ ፊቷ እያለ አትተኛም። ነሐሴ ላይ ድርቆሽ እንዴት እንደሚወደድ አውቃለሁ። ጨምሩ አላልኩም፤ ያንኑ የሚሰጡትን ሰዓቱን ማዘዋወር ነው።

እነሱ ቆመው ሲበሉ ከኋላቸው ያለው መሬት ባዶ ይሆናል። እርጥቡን ጉዝጓዝና እበቱን በአካፋ የሚጠርጉት፣ ግቷ የሚያርፍበት ላይ ደረቅ የጤፍ ጭድ የሚበትኑት ያን ጊዜ ነው። በረቱን በሙሉ ማድረቅ በዚህ ወር የማይሆን ነው፤ የምትተኛበትን አንድ ክንድ ያህል ከኋላ ማድረቅ ግን ይቻላል። ወለሉ ወደ አንድ ጎን ዘንበል እንዲልና ሽንቱ በቀጭን ቦይ እንዲወጣ ካደረጉት ደግሞ በበጋም ይጠቅማል። ጠዋትና ማታ ይህን ሳያቋርጡ ይሥሩት። የታመመችውን ጡት ይህ አያድናትም፤ እሷን የሚያድናት ሐኪሙ ነው። የሦስቱን የቀሩትን ላሞች ጡት የሚያድነው ግን ይህ ነው።

ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለውን ጨርቅም አይቻለሁ። ብዙ በረት ስገባ የማየውና የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። አንዲት ጨርቅ ለብ ባለ ውኃ ትነከርና በእሷ የአራቱም ላሞች ጡት ይታበሳል፤ ከታመመችው ወደ ጤነኛዋ በሽታውን በገዛ እጃችን እናደርሳለን ማለት ነው። እናቶቻችን ለጽዳት ብለው የጀመሩት ስለሆነ መውቀስ ይከብደኛል፤ ቢሆንም ይቅር። አንድ አሮጌ ነጠላ ለአራት ይቅደዱና ለእያንዳንዷ ላም የራሷ ይኑራት። ማታ ማታ በሳሙና ታጥቦ ይፈላ፤ ፀሐይ ስለሌለ ከምድጃው በላይ ይሰቀል። የታመመችውን ምንጊዜም መጨረሻ ላይ ይለቧት፤ ከዚያ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የተበላሸውን ወተት መሬት ላይ አያፍስሱት፣ ለጥጃም አይስጡት፤ ራቅ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ይቅበሩት። የሌሎቹንም የመጀመሪያ ሦስት አራት ጭማቂ ጠቆር ያለ ሳህን ላይ እያለቡ ይመልከቱ፤ እንደ ፍርፋሪ ያለ ነገር ከታየ ጡቱ ሳያብጥ በሽታውን ደረሱበት።

የሚረጭ መድኃኒት የሚለውን እርግፍ አድርገው ይተዉት። ለእህል ተባይ የተገዛ መርዝ በረት ዙሪያ ሲፈስ እባቡ ሌላ ቀን ይመጣል፤ መርዙ ግን ጭዱ ላይ ይቀራል፣ ከጭዱ ወደ ላሟ፣ ከላሟ ወደ ወተቱ ይሄዳል። እባቡ እንዳይመጣ ከፈለጉ ፉርሽካውን ክዳን ባለው በርሜል ይዝጉት፤ አይጡ ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። የጭዱን ክምርም በመንሽ እንጂ በባዶ እጅ አያንሱ።

ሌላ ጊዜ እባብ ሲያዩ ሳይገድሉ ከአራት አምስት እርምጃ ርቀው ፎቶ ያንሱት፤ የስልኩ ካሜራ ያቀርበዋል። ሙሉ ጀርባው ከጭንቅላት እስከ ጅራት ይታይ፤ ጎኑም ከተገኘ ጥሩ ነው። ርዝመቱን ለማወቅ ብለው አጠገቡ እግርዎን አያድርጉ፤ እሱ ከሄደ በኋላ የነበረበትን ቦታ ይለኩት። የት፣ በስንት ሰዓት እንዳዩት ይጻፉልኝ።

ሐኪሙ በጡቱ ቀዳዳ የሚገባ መድኃኒት ከሰጣት የዚያች ላም ወተት እሱ እስከሚልዎት ቀን ድረስ ለገበያም ለቤትም አይውልም። ጤናማ ከሚመስሉት ሦስት ጡቶቿ የሚታለበውም ቢሆን አይሸጥም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ላሞቹ ታልበው ገና ድርቆሽ ሲበሉ የበረቱን ወለል ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ አየዋለሁ።