ጀርመን ማስተርስ እየተማሩ በሙያ መሥራት፦ ለእህታችን ጥያቄ መልስ

ሰላም እህቴ። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ለማስተርስ ጀርመን ተቀባይነት በማግኘትሽ እንኳን ደስ አለሽ! ጥያቄሽ ሁለት ነው። የውጭ ተማሪን በሙያው በትርፍ ሰዓት የሚቀጥሩ ካምፓኒዎች በእርግጥ አሉ ወይ? ደግሞስ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ እየሠራሁ ራሴን መቻል እችላለሁ ወይ? እኔም በዚሁ መንገድ መጥቼ፣ እየሠራሁ ተምሬ፣ አሁንም እዚሁ ስላለሁ ቁርጡን ልንገርሽ። ለመጀመሪያው አዎ፣ አሉ፣ ብዙ ናቸው። ሁለተኛውን ግን ከሐሳብሽ አውጪው።

ሥራው ቬርክሽቱደንት ይባላል። ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ትሠሪያለሽ፣ ሴሚስተር ሲዘጋ ሙሉ ቀን ይቻላል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለመጣን ተማሪዎች በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን የሚል ገደብ አለ። እስከ 2024 መጀመሪያ ድረስ 120 እና 240 ስለነበር የድሮ ቪዲዮ አይተሽ እንዳትደናገሪ። ፈቃዱ ከመኖሪያ ካርድሽ ጋር በሚሰጥሽ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ካምፓኒው የዚያን ኮፒና የተማሪነት ማረጋገጫሽን ይቀበላል እንጂ ለአንቺ ብሎ ሌላ የሥራ ፈቃድ ለማውጣት አይሯሯጥም።

ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ በ2026 13.90 ዩሮ ነው። በሳምንት 20 ሰዓት ከሠራሽ በወር ወደ 1,200 ዩሮ ይመጣል፣ ከዚያ ላይ 9.3 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል። የጤና መድንሽን በተማሪ ዋጋ ራስሽ ትከፍያለሽ። ከዝግ አካውንት (ለቪዛ ብለሽ አስቀድመሽ የአንድ ዓመት መኖሪያ የምታስገቢበት፣ በየወሩ ብቻ የሚለቀቅልሽ የባንክ ሂሳብ) በወር የሚለቀቀው 992 ዩሮ መሆኑን ካሰብሽው፣ ሥራው ከተገኘ ያኖራል።

ችግሩ የሚገኝበት ጊዜ ነው። በጥቅምት ትገቢያለሽ፣ ቪዛ ከዘገየ ደግሞ ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ። ቤት መፈለግ፣ በከተማው መመዝገብ፣ ባንክ መክፈት፣ የመኖሪያ ፈቃድ ቀጠሮ መጠበቅ አለ፣ ይህን ስትጨርሺ ፈተናው የካቲት ላይ ደርሶ ታገኚዋለሽ። ካምፓኒዎቹም አመልክተሽ እስኪቀጥሩሽ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅባቸዋል፣ ብዙዎቹም እዚህ ያመጣሽውን ውጤት ማየት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ለዝግ አካውንቱ የሚገባው 11,904 ዩሮ የእውነት የአንድ ዓመት መኖሪያሽ ይሁን። ከዘመድ ተበድሬ ላስገባና በየወሩ የሚለቀቀውን እመልሳለሁ ብለሽ አስበሽ ከሆነ እባክሽን ተይው። በዚህ ምክንያት ሌሊት መጋዘን ውስጥ እቃ ሲጭኑ እያደሩ ፈተና የወደቁ ጎበዝ ልጆች አይቻለሁ፣ አሁንም ድረስ ያሳዝነኛል። "ሄደሽ እየሠራሽ ትከፍያለሽ" የሚልሽን ኤጀንሲ ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ በይው።

ታዲያ እስከዚያ እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪ። ከዩኒቨርሲቲው ጀምሪ። ፕሮፌሰሮቹ ለላብራቶሪና ለምርምር ተማሪ ረዳት ይቀጥራሉ፣ ሂዊ ይሉታል። ሰዓቱ ትንሽ ነው፣ ገንዘቡም እንደዚያው፣ ግን ከ140ው ቀን ላይ አይቆጠርብሽም፣ ቋንቋውም ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ ይበቃል። ማስታወቂያው ሁሌ ኢንተርኔት ላይ አይወጣም። በየክፍሉ ኮሪደር ላይ ያለውን ሰሌዳ እያየሽ እለፊ፣ ላብራቶሪ የሚያሠራሽን የዶክትሬት ተማሪም "የሚረዳህ ሰው ትፈልጋለህ ወይ?" ብለሽ ጠይቂው። አያሳፍሩሽም፣ አይቆጡሽም፣ ቀጥ ብሎ መጠየቅ እዚህ አገር ነውር አይደለም። ፍራውንሆፈር የሚባሉት የምርምር ተቋማትም ተማሪ በብዛት ይይዛሉ፣ በከተማሽ ካለ ድረ ገጹን አዘውትሪ።

ወደ ካምፓኒ ስትሄጂ ሁሉም ሰው የሚያመለክተው ሲመንስ፣ ቦሽ፣ ቢኤምደብልዩ ነው። አመልክቺ፣ ይቀጥራሉ። ነገር ግን ለአንድ ቦታ የሚያመለክተው ሰው ብዛት ሌላ ነው፣ የመኪናው ዘርፍ ደግሞ ሰሞኑን ሠራተኛ እየቀነሰ ነው። እኔ አጥብቄ የምመክርሽ መካከለኛዎቹን ነው። ቫልቭ፣ ሴንሰር፣ ማሸጊያ ማሽን፣ የኃይል መቀየሪያ የሚሠሩ፣ ስማቸውን ሰምተሽ የማታውቂያቸው፣ ከትልቅ ከተማ በባቡር ግማሽ ሰዓት ወጣ ብለው ያሉ። የተማሪ እጅ በጣም ይፈልጋሉ፣ እውነተኛ ሥራም ይሰጡሻል። እኔ የገባሁበት እንዲህ ዓይነት ነበር። መሞከሪያ ጠረጴዛ ላይ የሙቀት ሴንሰር እገጥማለሁ፣ ሙከራው ሲያልቅ ዳታውን በፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) አወጣለሁ፣ ግራፉን ሠርቼ ለኢንጂነሩ እሰጣለሁ። ለቃለ መጠይቅ ስሄድም ስለ ውጤቴ ብዙም አልጠየቁኝም። ኃላፊው አንድ የተለካ ዳታ ስክሪን ላይ ከፈተና "እዚህ ጋ መስመሩ ለምን ዘለለ?" አለኝ። ገመዱ ላልቶ ይሆናል፣ መጀመሪያ እሱን ነው የማየው አልኩት። ከዚያ በኋላ ወሬያችን ሁሉ ስለ ሥራው ሆነ።

ስለዚህ ሲቪሽ ላይ በአራተኛ ዓመት የወጣሽበትን ኢንተርንሺፕ አትናቂው። "በፋብሪካ ተሳትፌያለሁ" ብለሽ አትለፊው። የትኛውን ማሽን፣ በምን መሣሪያ ለካሽ፣ ምን ተበላሽቶ ምን አደረጋችሁ፣ እሱን ጻፊ። እነሱ የሚፈልጉት ይህንን ነው።

ጀርመንኛውን አገር ቤት ሳለሽ ጀምሪው። መካከለኛዎቹ ካምፓኒዎች ውስጥ ወርክሾፑ የሚያወራው ጀርመንኛ ነው። ቢ1 (መካከለኛ የቋንቋ ደረጃ) ይዘሽ ስትመጪና እንግሊዝኛ ብቻ ይዘሽ ስትመጪ የሚከፈትልሽ በር አንድ አይደለም።

የከተማው ምርጫም ለውጥ ያመጣል። ለኤሌክትሪካል ኤርላንገንና ኑርምበርግ አካባቢ ጥሩ ነው፣ ሲመንስ በሰፊው እዚያ ነው ያለው። ድሬስደን ቺፕ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አሉ፣ የቤት ኪራዩም ከሙኒክ በጣም ይቀላል። ሽቱትጋርት ሥራ አለ፣ ግን በዚያ ክልል ያሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላሉ፣ አስቢበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሥራ ሲገኝ ብዙ ሰዓት ልሥራ ማለት ይመጣል፣ ከቤተሰብ የሚጠበቀውም ቀላል አይደለም፣ አውቀዋለሁ። ግን ዋናው ትርፍ ገንዘቡ አይደለም። እዚያው ካምፓኒ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍሽን መሥራት ትችያለሽ። ከተመረቅሽ በኋላ ሥራ መፈለጊያ 18 ወር ይሰጥሻል፣ የሚያውቅሽ ክፍል ካለ ግን ያን ያህል ጊዜ ላያስፈልግሽ ይችላል። ስለዚህ ፈተና ባለበት ወር ሰዓቴን ቀንሱልኝ በያቸው፣ የለመዱት ነገር ስለሆነ አብዛኞቹ እሺ ይላሉ።

የገባሽበትን ከተማና ፕሮግራም እዚህ ስር ጻፊልን። እዚያ ያሉ ልጆች ካሉ የትኛው ክፍል ረዳት እንደሚፈልግ ይነግሩሻል፣ ሲቪሽንም ከፈለግሽ በውስጥ ላኪልኝ፣ አይቼ እመልስልሻለሁ።