መልስ፦ ፊታውራሪ ገብርዬ ማን ነበሩ?

ወንድሜ፣ ጎንደር ፒያሳ የአፄ ቴዎድሮስን ሐውልት አይተህ «ገብርዬስ ማን ነበሩ?» ላልከው፦ ፊታውራሪ ገብርዬ የንጉሡ የጦር አዛዥና እጅግ የሚያምኗቸው ሰው ነበሩ። ስማቸው እምብዛም አለመነሳቱ ሁሌም ይቆጨኛል።

የወደቁት በስቅለት ዕለት፣ ዓርብ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ከመቅደላ ግርጌ እሮጌ ላይ ጦሩን እየመሩ ቁልቁል ወርደው እንግሊዞችን ገጠሙ። ወኔ አልጎደለም፤ የጎደለው መሣሪያ ነው። የኛዎቹ ጦርና በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዘዋል፤ ስናይደር የተባለው የእንግሊዝ ጠመንጃ ግን ከኋላ እየጎረሰ ፋታ አይሰጥም። ከቴዎድሮስ ወገን 700 ያህል ሰው ሲያልቅ፣ ከእንግሊዝ የሞቱት 2 ብቻ ነበሩ። የገብርዬ ሞት የንጉሡን ልብ ሰበረው። በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ እሳቸውም መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ።