የመርከብን ሬዲዮ መለያ በአልጎሪዝም ለመመርመር ለምትነሡ የወሎ ወጣቶች

ይድረስ በኮምቦልቻና በደሴ የኮምፒውተርና የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ለምትማሩ ልጆቼ።

ከተራራ አገር ሆኜ ስለ መርከብ መጻፌ እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ። በባቲና በሚሌ አልፎ ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ የብዙ ወሎዬን ቤት እንጀራ ሲያበላ የኖረ ነው፤ ዛሬም በኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚራገፈው ኮንቴይነር ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። እኔም ከዚሁ ወጥቼ በመርከብ ላይ የሬዲዮ መኮንን ሆኜ ሠርቻለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ሞርስ ቦታውን ለሳተላይትና ለዲጂታል ሬዲዮ ከለቀቀ በኋላም የመርከብ ሬዲዮ መሣሪያዎችን ስመረምር ቆይቻለሁ።

ከነዚህ መሣሪያዎች አንዱ ኤአይኤስ የሚባለው የመርከብ መለያ ነው። በቪኤችኤፍ ሬዲዮ የመርከቡን ማንነት፣ ቦታና ፍጥነት ያሠራጫል፤ መርከቡ ሲጓዝ ከ2 እስከ 10 ሰከንድ ባለው ልዩነት፣ መልሕቅ ጥሎ ሲቆም ደግሞ በየ3 ደቂቃው። በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ የሚሠማራ 300 ግሮስ ቶንና ከዚያ በላይ የሆነ መርከብ ሁሉ ይህን መሣሪያ የመያዝና በየዓመቱ የማስፈተሽ ግዴታ አለበት።

ቦታውን የሚያውቀው ከሳተላይት ነው፤ ስሙን፣ የመለያ ቁጥሩንና የመርከቡን መጠን ግን መሣሪያው ሲተከል የሚያስገባው ሰው ነው፤ ስሕተቱም የሚበዛው እዚያ ነው። 180 ሜትር የሚረዝም የጭነት መርከብ አስቡ፤ አንቴናው ከፊት ጫፍ 150 ሜትር፣ ከኋላ ጫፍ 30 ሜትር ላይ ተተክሏል። የተከለው ባለሙያ ሁለቱን ቁጥሮች አገላብጦ ካስገባቸው፣ ይህ መርከብ በሌላው መርከብ ስክሪን ላይ ሲታይ ፊቱ ከእውነተኛው ቦታ 120 ሜትር ወደ ኋላ ያርፋል። በጭጋግ ወቅት በጠባብ መተላለፊያ ላይ ይህ ልዩነት ሕይወት ያስከፍላል፤ መርማሪው ወደ ማዘዣ ክፍሉ ወጥቶ ቁጥሮቹን ከመርከቡ ፕላን ጋር ካላመሳከረ በስተቀር ደግሞ ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። የጅምላ ጭነት መርከቦች ማዘዣ ክፍል፣ አንቴናውም ከነእርሱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ በኩል መሆኑን የሚያውቅ ፕሮግራም ግን ገና መርከቡ ወደብ ሳይደርስ ሊጠረጥረው ይችላል።

ስለዚህ ሥራችሁን ከቀላል ደንቦች ጀምሩ። የመርከብ ሬዲዮ መለያ ቁጥር ዘጠኝ አኃዝ ነው፤ በመደበኛው የመርከብ መለያ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አገሩን ያመለክታሉ፤ የኢትዮጵያ 624 ነው። የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ለመርከቡ የሚሰጠው ቁጥር ደግሞ ሰባት አኃዝ ሆኖ የመጨረሻው አኃዝ የቀሩት ስድስቱ በትክክል መጻፋቸውን ማረጋገጫ ነው። በ9074729 ላይ ሞክሩት፦ የመጀመሪያዎቹን ስድስት አኃዞች በተራ በ7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3 እና 2 አባዝታችሁ ስትደምሩ 139 ይመጣል፤ የድምሩ መጨረሻ 9 ከቁጥሩ መጨረሻ ጋር ይገጥማል። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ብትሄዱ፣ በኮንቴይነሩ በር ላይ በሳጥን ተከብቦ የምታዩት አኃዝም ስሌቱ ቢለይም ሥራው ይኸው ነው።

ዝምታን በተመለከተ ጥንቃቄ አድርጉ። የአንድ መርከብ ምልክት ሲጠፋ ፕሮግራማችሁ ወዲያው ወንጀለኛ እንዳያደርገው፤ ምክንያቱም ደኅንነትን አደጋ ላይ ይጥላል ብሎ ሲያምን ካፒቴኑ መሣሪያውን እንዲያጠፋ የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት መመሪያ ይፈቅድለታል፣ በባብ ኤል መንደብና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል የሚያልፉ መርከቦችም ይህን የሚያደርጉበት በቂ ምክንያት አላቸው፤ አንዳንዴም የጎደለው የመርከቡ ድምፅ ሳይሆን በየብስ ያለው ተቀባይ መሣሪያ የሚደርስበት ርቀት ነው።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ግን አልጎሪዝማችሁን ስለምታሠለጥኑበት መረጃ ነው። ወደቦቻቸው የሚገቡ የውጭ መርከቦችን በጋራ ለመመርመር በተስማሙበት በፓሪስ የመግባቢያ ስምምነት የታቀፉ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ መርከቦችን በስጋት ደረጃ ከፍለው ከፍተኛ ስጋት ያለበትን ከ5 እስከ 6 ወር፣ ዝቅተኛውን ከ24 እስከ 36 ወር ባለው ጊዜ ይመረምራሉ። አሠራሩ ተገቢ ነው፤ የሰው ኃይል ሁልጊዜ ውስን ነውና። ነገር ግን በእንዲህ ያለ አሠራር የተሰበሰበ መዝገብ ስለተጠረጠሩት ብዙ፣ ስላልተጠረጠሩት ጥቂት ብቻ ይናገራል። አልጎሪዝማችሁን በዚህ መዝገብ ብቻ ካሠለጠናችሁት፣ ትናንት የተጠረጠረውን ዛሬም ይጠረጥራል፣ መርማሪውም እዚያው ሄዶ ጥፋት ያገኛል፣ ያም ጥፋት ተመልሶ የማሽኑን ግምት ያጠናክራል፤ ማንም ያላያቸው መርከቦች ግን ንጹሕ ተብለው ይቀራሉ። በእኔ እምነት ከምርመራው የተወሰነውን ክፍል በዕጣ ከመምረጥ የተሻለ መድኃኒት የለውም። አለቆች ጊዜ ማባከን ነው ይሏችኋል፤ አትቀበሏቸው። በዕጣ የወጣውን መርከብ በዕጣ መውጣቱን፣ ምንም ያልተገኘበትንም ምንም አለመገኘቱን መዝግቡ።

መርማሪውም ነጥብ ብቻ አይሰጠው። «ስጋት 87» ቢባል ምን ያደርግበታል? «የአንቴና ርቀቱ የተገላበጠ ይመስላል፤ ፕላኑን እይ» ቢባል ግን መሰላሉን ሲወጣ የሚፈልገውን ያውቃል፤ ግምቱ ስሕተት ሆኖ ሲያገኘውም ምኑ እንደተሳሳተ ለእናንተ መልሶ መጻፍ ይችላል።

መለማመጃ መረጃ አላጣችሁም፤ የዴንማርክ የባሕር ባለሥልጣን የቀድሞ የኤአይኤስ መዝገቦችን በነፃ ይለቅቃል። የአንድ ቀኑን አውርዱና የመለያ ቁጥራቸው 0 ወይም 111111111 የሆኑትን፣ የማረጋገጫ አኃዛቸው ያልገጠመውን፣ ወደብ ታስረው «በሞተር እየተጓዝኩ ነው» የሚሉትን ለዩ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ማሽን ትምህርቱ እለፉ።