ኮንቴስታር ወይስ ሬስፖንዴር?

ጥያቄ፦ ስፓኒሽ መማር ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። «መመለስ» ለሚለው ቃል መዝገበ ቃላቱ ኮንቴስታርንም ሬስፖንዴርንም ይሰጠኛል። የቱን የት ልጠቀም?

መልስ፦ ለጥያቄ፣ ለደብዳቤ ወይም ለመልእክት መልስ መስጠት ከሆነ የፈለጉትን ይውሰዱ። «ቴ ኮንቴስቶ ማኛና» ቢሉም «ቴ ሬስፖንዶ ማኛና» ቢሉም «ነገ እመልስልሃለሁ» ማለትዎ ነው። ሬስፖንዴር «አ» የሚለውን መስተዋድድ ይወዳል፤ «ሬስፖንዴር አ ላ ፕሬጉንታ» ይባላል። ኮንቴስታር ግን ያለ «አ»ም ይሄዳል። ድምፅ የት እንደሚረገጥም ልብ ይበሉ፦ ኮንቴስቶ ውስጥ «ቴ» ከተረገጠ «እመልሳለሁ»፣ «ቶ» ከተረገጠ «መለሰ» ይሆናል።

መንገዳቸው የሚለያየው ከቃል መልስ ሲወጡ ነው። ሕክምናው ያልሠራለት ታማሚ «ኖ ሬስፖንዴ አል ትራታሚዬንቶ» ይባላል። ሲረገጥ የማይዝ ፍሬንም «ሎስ ፍሬኖስ ኖ ሬስፖንዴን» ነው። እዚህ ላይ ኮንቴስታር አይገባም፤ እሱ የሚናገር ወይም የሚጽፍ መልስ ሰጪ ይፈልጋል።

ዋስትናና ኃላፊነትም የሬስፖንዴር ብቻ ናቸው። «ዮ ሬስፖንዶ ፖር ኤል» ማለት «ለእሱ እኔ አለሁ፣ ዋስ ነኝ» ማለት ነው። ምክንያቱ ከሥሩ ይገኛል። በላቲን ስፖንዴሬ «ቃል መግባት» ሲሆን፣ ኮንቴስታር የመጣበት ኮንቴስታሪ ደግሞ «ምስክር መጥራት» ነበር። ስፓኒሽ «ሬስፖንሳብሌ» የሚለውን ሰው እኛ «ተጠያቂ» እንለዋለን፤ እነሱ ቃሉን ከመልሱ በኩል ሠሩት፣ እኛ ከጥያቄው በኩል።

ለሚከራከር ልጅ እናት የምትለው «ኖ ሜ ኮንቴስቴስ!» ግን ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ «አትመልስልኝ!» ነው። መልስ የሚያበዛው ልጅ ራሱ «ኮንቴስቶን» ወይም «ሬስፖንዶን» ይባላል።

አማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ተውላጠ ስሙ ነው። «መለስኩለት» ለማለት «ሎ ኮንቴስቴ» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ ትክክሉ «ሌ ኮንቴስቴ» ነው። መልሱን የሚቀበለው ሰው ሁልጊዜ «ሌ»ን ይይዛል፤ በ«መለስኩለት» ውስጥ ያለችውን «ለ» ካስታወሱ አይጠፋዎትም። ሁለተኛው ስሕተት የሚመጣው ከራሱ ከ«መለሰ» ነው። የእኛ ግስ መጽሐፍም ይመልሳል፣ ጥያቄም ይመልሳል። በስፓኒሽ የተዋሱትን ዕቃ መመለስ ዴቦልቤር ነው፣ ወደ ቤት መመለስ ቦልቤር ነው። «ዴቦልቤር ላ ፕሬጉንታ» ካሉ ጥያቄውን መልሰው ለጠያቂው ወረወሩት እንጂ መልስ አልሰጡም።

ጥያቄ፦ ስልክ ማንሳትስ በየትኛው ነው?

መልስ፦ በየትኛውም አገር የማያሳፍርዎ «ኮንቴስታር ኤል ቴሌፎኖ» ነው። በስፔን በየቀኑ የሚሰሙት «ኮሄር ኤል ቴሌፎኖ» ነው፤ ኮሄር እዚያ «መያዝ፣ ማንሳት» ከማለት አያልፍም። በሜክሲኮና በአርጀንቲና ግን ይኸው ግስ የግብረ ሥጋ ግንኙነትን የሚገልጽ የብልግና ቃል ስለሆነ ከአፍዎ አይውጣ። አርጀንቲናዎች «አቴንዴር» ይላሉ። ስልኩ ከተነሳ በኋላ የሚባለውም ይለያያል፦ በስፔን «ዲጋ» ወይም «ዲጋሜ»፣ በሜክሲኮ «ብዌኖ»፣ በኮሎምቢያና በፔሩ «አሎ»። በር ሲንኳኳ ግን ሁለቱንም ግሶች ይተዉና «አብሪር» ይበሉ፤ እንደ እኛው በር ይከፈታል እንጂ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ልብ ወለድ ሳነብ ከንግግር በኋላ «ሬፑሶ» እና «ሬፕሊኮ» ይገጥሙኛል። እነዚህስ?

መልስ፦ ሬፕሊኮ የሬፕሊካር ኃላፊ ጊዜ ነው፤ መልሱ ተቃውሞ ወይም መከራከሪያ ሲኖረው ይመጣል፤ ለ«እሺ» ወይም ለ«ሦስት ሰዓት ነው» አይሆንም። ሬፑሶ «ሲል መለሰ» ማለት ነው፤ የጽሑፍ ቋንቋ ነው፣ በገበያና በቢሮ አይሰሙትም። መዝገበ ቃላት ውስጥ ሬፖኔር በሚለው ሥር ሲፈልጉት መጀመሪያ የሚያገኙት «መተካት፣ ወደ ቦታው መመለስ» የሚለውን ትርጉም ስለሆነ ግራ እንዳይጋቡ። «መለሰ» በሚለው ትርጉሙ የአሁን ጊዜ የለውም፤ «ሬፖኔ» ካሉ ሰሚው የሚረዳው «ይተካል» ብሎ ነው። ሲያነቡ ይወቁት፣ ሲናገሩ ኮንቴስቶ ይበሉ፣ «ቶ»ን ረግጠው።