ክርኑን ልያዝ ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዓይነ ስውር ነኝ። በነጭ በትር መሄድ ከጀመርኩ ዐሥራ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ ኮሮና እስኪመጣ ድረስ ብቻዬን የማልደርስበት ቦታ አልነበረም። ያኔ አንድ ቀን መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ሰልፍ ላይ በትሬ አንዷን ሴት ነካት። «ራቅ በይ እንጂ፣ አታይም እንዴ?» ብላ ጮኸችብኝ። አላይማ! ከዚያ በኋላ የወንድሜን ክርን ካልያዝኩ አልወጣም አልኩ። እሱም ቆይቶ «ሰው የሚያስለው ክርኑ ላይ አይደል፣ እንዴት ትይዢዋለሽ?» ብሎ ፈራ። በቃ፣ ቤት ቀረሁ። አሁን ያ ሁሉ አልፏል፤ ግን አዲስ በሽታ መጣ የሚል ወሬ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። ያ ጊዜ ቢመለስ እንደገና ቤቴን ዘግቼ ልቀመጥ ነው?
(በሯን የዘጋችው)

መልስ፦ ደብዳቤሽን ስልኬ ሲያነብልኝ «አላይማ!» የምትለው ጋ ሲደርስ ሳቄ አመለጠኝ። አትቀየሚኝ። እኔም እንዳንቺው በትር ይዤ ነው የምሄደው፤ ሳቁ የወገን ሳቅ ነው። አንቺ ማለቴንም በዚያው ያዢልኝ።

ከክርኑ እንጀምር። ወንድምሽ ያለው ነገር ከመሬት የተነሳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም በሙሉ ሁለት ነገር ተነገረው፦ ሲያስልህ ክርንህ ላይ አስል፣ ሰው ስታገኝ በእጅ ሳይሆን በክርን ሰላም በል። እኛ ደግሞ ስንመራ የኖርነው በዚያው ክርን ነው። ምክሩ ክፉ አልነበረም፤ ሲወጣ ግን እኛን ያስታወሰን የለም።

መፍትሔው ትከሻ ነው። ከመሪሽ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሆነሽ፣ እጅሽን ዘርግተሽ ትከሻው ላይ ታሳርፊያለሽ። ፊታችሁ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ሲያወራሽ ዞር እንዳይል ንገሪው። ደረጃ ሲወርድ ትከሻው ዝቅ ሲል፣ ሲወጣ ከፍ ሲል ይሰማሻል። መሪሽ ረጅም ከሆነ ክንድሽ ቶሎ ይዝላል፤ ያኔ እጅሽን ዝቅ አድርገሽ ጀርባው ላይ ማድረግ ነው። አንዳንዶች ሻርፕ ወይም ገመድ ጫፍና ጫፍ ይዘው ይሄዳሉ። እኔ አልወደውም። ገመድ ይጎትታል እንጂ አይገፋም፤ መሪሽ ድንገት ሲቆም ገመዱ ይላላል፣ አንቺ ደግሞ ሄደሽ ጀርባው ላይ ትለጠፊያለሽ። የታጠፈ በትር ጫፍና ጫፍ መያዝ ይሻላል፤ ድርቅ ያለ ነገር መሪው ሲቆምም ሲዞርም ይናገራል።

ግን ልጠይቅሽ፣ ከወንድምሽ ጋር አንድ ቤት ነው የምትኖሩት? ከሆነ ይሄ ሁሉ ጭንቀት ለምን? ቀኑን ሙሉ አንድ አየር ስትተነፍሱ ትውላላችሁ፤ ውጭ ስትወጡ ክርኑን መያዝሽ ብዙም የሚጨምረው ነገር የለም። ንጹሕ ልብስ ይልበስ፣ አንቺም ስትመለሺ እጅሽን ታጠቢ። ትከሻውን ለሌላ ሰው፣ መንገድ ላይ ለሚመራሽ ለማታውቂው ሰው አቆይው።

ብዙዎቻችንን ቤት ያስቀረን ሌላው ፍርሃት መንካት ነበር። የሊፍት ቁልፍ፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የበር እጀታ፣ የብሬል ጽሑፍ... እኛ ሳንነካ ምን እናውቃለን? በኋላ ላይ ግን ነገሩ ጠራ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በኤፕሪል 2021 እንዳስታወቀው፣ የተበከለ ነገር በአንድ ጊዜ ንክኪ ኮሮና የማስያዝ ዕድሉ በጥቅሉ ከ10,000 አንድ አይሞላም። ዋናው መንገድ አየር ነበር። ስለዚህ መደገፊያውን ፈርቶ ደረጃ ላይ ከመውደቅ፣ መደገፊያውን ይዞ ወርዶ እጅን መታጠብ ይሻላል። ቀጥሎ የሚመጣው በሽታ ግን ሌላ ጠባይ ሊኖረው ይችላል። ወሬውን ስትሰሚ «ስንት ሰው ያዘ?» ከማለትሽ በፊት «በምንድን ነው የሚተላለፈው?» ብለሽ ጠይቂ። የምታደርጊው ሁሉ ከዚያ መልስ ነው የሚወጣው።

እኔ ያኔ የለመድኩት ነገር እጆቼን ሥራ ማከፋፈል ነበር። ቀኝ እጄ በትሩን ይይዛል፣ ሌላ ነገር አይነካም። ግራው ይዳስሳል። ፊቴን ሁለቱም አይነኩም፣ አፍንጫዬን ቢበላኝ እንኳ (እንዴት እንደሚበላ ደግሞ አትጠይቂኝ)። ሳኒታይዘሩ ሁልጊዜ አንድ ኪስ ውስጥ ነው፤ አልኮሉ ቢያንስ 60 በመቶ መሆኑን ስትገዢ አስነብቢ፣ ከዚያ እስኪደርቅ ድረስ 20 ሰከንድ ያህል ማሸት ነው። ብዙ ሰው የሚስተው በትሩን ነው። እጁን አጽድቶ ያንኑ የቆሸሸ መያዣ መልሶ ይጨብጣል! ታጣፊ በትር ደግሞ ይብሳል። ስታጥፊው ቀኑን ሙሉ መሬት ሲልስ የዋለው ጫፍ ከመያዣው ጎን ይመጣና ሁሉንም በአንድ እጅሽ ታቅፊዋለሽ። እና ቤት ስትገቢ መጀመሪያ በትሩን በሳሙና ጨርቅ ጥረጊ፣ መያዣውንም መገጣጠሚያውንም፤ እጅሽን የምትታጠቢው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ሰልፏ ሴትዮ ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 1 ሜትር ራቁ ሲል ነበር፤ ሌሎች 2 ሜትር ይሉ ነበር። ከመሬት እስከ ደረት የሚደርስ በትር ወደፊት ጋደል ብሎ ሲያዝ ጫፉ ከእግርሽ ሜትር ያህል ይቀድማል። ስለዚህ በትርሽ ሲነካት አንቺ ገና ሜትር ያህል ርቀሽ ነበር ማለት ነው! በትሩ ሥራውን ሠርቷል፤ ነካ ሲያደርግ መቆም ነው፣ አለቀ። መሬት ላይ የተለጠፉት የመቆሚያ ምልክቶች ለኛ ባዶ ወለል ናቸው። ስለዚህ ከሩቁ ድምፅ ማሰማት ይጠቅማል፤ «ሰልፉ የት ጋ ነው የሚያልቀው?» በይ፣ አንዱ ይመልስልሻል። በኖቬምበር 2020 አፕል ፊት ለፊትሽ ያለው ሰው ስንት እንደሚርቅ የሚናገር መሣሪያ አይፎን 12 ፕሮ ላይ አወጣ። ጥሩ ነገር ነው። ግን ስልኩን ወደፊት ደግነሽ ስትሄጂ አንድ እጅሽ ተያዘ ማለት ነው፣ ዋጋውም የዋዛ አይደለም።

ጭር ያለ መንገድ እንዳያታልልሽ። የምንሻገረው ጎናችን ባሉት መኪኖች ድምፅ አቅጣጫ ይዘን ነው፤ መኪና ሲጠፋ መስመሩም ይጠፋል፣ የቀሩት ጥቂቶች ደግሞ ይበራሉ። ማዳመጫውን ከጆሮሽ አውጪ፣ ቆም ብለሽ አዳምጪ፣ ሰው ካለ ጠይቂ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ እንዲህ ተቀምጠሽ ከቆየሽ መንገዱ ከእግርሽ ጠፍቷል። እኔም አንድ ሰሞን ቤት ከርሜ ስወጣ የማውቀው ጥግ ላይ በግንባሬ ነው ሰላምታ የሰጠሁት። ወረርሽኝ እስኪመጣ አትጠብቂ። ዛሬ ሰው በማይበዛበት ሰዓት አጭር መንገድ ምረጪ። ወንድምሽ አምስት እርምጃ ወደኋላ ሆኖ ይከተልሽ፣ አደጋ ካልሆነ በቀር ትንፍሽ እንዳይል። በሦስተኛው ቀን ቤት ይቅር።

ጥያቄ፦ እኔ ዓይኔ የሚያይ ሰው ነኝ። በኮሮና ጊዜ አንድ ዓይነ ስውር መንገድ ጠፍቶት ሲዞር አየሁ። መንካቱን ፈራሁ፣ ዝም ብሎ ማለፉም ከበደኝ። በመጨረሻ አለፍኩት። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

መልስ፦ አፍ አለህ አይደል? ራቅ ብለህ ቆመህ «እኔ በስተግራህ ነኝ፣ ልርዳህ?» ማለት በቂ ነበር። ማስክ ድምፅ ያፍናል፣ ስለዚህ ጎላ አድርገህ ተናገር፤ መጮህ ግን አያስፈልግም፣ የምንሰማ ነን። «እዚህ ጋ»፣ «ወደዚያ» የሚባሉ ቃላት ለኛ ባዶ ናቸው። «ስምንት እርምጃ ወደፊት፣ ከዚያ በስተቀኝህ በር አለ» በል። ቀኝና ግራ የሱ እንጂ ያንተ አይደለም። በትሩን ይዘህ እንዳትጎትት፤ ዓይኑን ይዘህ እንደመጎተት ነው። ስትሄድም «ሄድኩ» በል። ለአየር ስናወራ ስንት ጊዜ ተይዘናል መሰለህ።

ጥያቄ፦ ጭላንጭል አያለሁ። ማስክ ሳደርግ ግን መነጽሬ በላብ ይሸፈንና ደረጃ ይጠፋኛል። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ማስኩን ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት፣ ያስተካክሉት። ላቡ ትንፋሽዎ ነው፤ በላይ በኩል ክፍተት አግኝቶ ይወጣል። አፍንጫ ላይ ሽቦ ያለውን ማስክ ይምረጡና ሽቦውን በሁለት ጣት ጥብቅ አድርገው ይጫኑት፣ የመነጽሩ ታችኛው ጠርዝ በማስኩ ላይ ይረፍ። ሌላም ችግር አለ። የማስኩ ጠርዝ የታችኛውን እይታ ይጋርዳል፣ እግርዎ ሥር ያለውን ማለቴ ነው፤ ጭላንጭል የሚያይ ሰው ደግሞ ደረጃን የሚያገኘው በዚያች ነው። ስለዚህ ዓይንን ብቻ ሳይሆን አገጭን ጭምር ዝቅ ማድረግ። እና በትር ይያዙ። «ትንሽ አያለሁ እኮ» ብለው እንደሚያፍሩ ገምቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ ከወደቁ በኋላ ግን የኀፍረቱ ነገር ይቅርብን።

ጥያቄ፦ መሪ ውሻ አለኝ። ወረርሽኝ ሲሆን ስንመለስ በሳኒታይዘር ልጥረገው?

መልስ፦ በጭራሽ! አልኮልም በረኪናም ቆዳውን ይጎዳል፣ ሲልሰው ደግሞ ይመርዘዋል። የምታጸዳው አንተ የምትይዘውን የማሰሪያውን እጀታ ነው። ሰው ሲዳብሰው አትፍቀድ፤ ለነገሩ በደህና ጊዜም ሥራ ላይ ያለ ውሻ አይዳበስም። ደግሞ ውሻው ርቀት መጠበቅ የሚባል ነገር አልተማረም። እሱ የሚያውቀው በሩን ነው፤ የቆመውን ሰው ሁሉ አሳልፎህ ቀጥ ብሎ በሩ ጋ ያደርስሃል። ሰልፍ ያለበት ቦታ ስትደርስ አስቁመውና ሰው ጠይቅ። ካለዚያ ወረፋ የሚሰብረው እሱ፣ ይቅርታ የሚጠይቀው አንተ ነህ።