የመጀመሪያ ትራካችሁን ልትገዙ ላሰባችሁ ልጆች

ልጆች፣ ዳላስም ሁኑ ዴንቨር፣ አትላንታም ሁኑ ሚኒያፖሊስ፣ ለካምፓኒ ስትነዱ ቆይታችሁ አሁን ኦውነር ኦፕሬተር (በራሱ ትራክ ለራሱ የሚሠራ) ልትሆኑ የተነሳችሁ ሁሉ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ትራክ ከየት ልግዛ?» እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ሻጩ የመኪናውን የጥገና መዝገብ ያሳያችሁ እንደሆነ ነው። መዝገብ ካለበት ግዙ፤ ከሌለበት ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓችሁ እለፉት።

ለመጀመሪያ መኪና ትልልቅ ካምፓኒዎች የራሳቸውን ያገለገለ ትራክ የሚሸጡበትን ቦታ የማስቀድመው ለዚህ ነው። ፔንስኪ፣ ራይደር፣ ሽናይደርና የመሳሰሉት መኪኖቻቸውን በየጥቂት ዓመቱ ይቀይራሉ፤ የወጡትንም በራሳቸው መሸጫ ይሸጣሉ። ማይሉ ብዙ ነው፤ 400 ወይም 500 ሺህ ማየት የተለመደ ነው። ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ። ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ ቱርቦው፣ ኢንጀክተሩና የጭስ ማጣሪያው መቼ እንደተነካ ተጽፎ ተቀምጧል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህም ይሠራል። 500 ሺህ ማይል ሄዶ ሙሉ መዝገብ ያለውን መኪና፣ 350 ሺህ ሄዶ አንዲት ደረሰኝ ከሌለው አስበልጣለሁ። የካምፓኒ መኪና ጌጥ የለውም፤ ፍጥነቱም ብዙ ጊዜ የተገደበ ነው። ይሁን፣ የመጀመሪያው መኪና ሥራው ሌላውን መግዛት ነው።

የፍሬይትላይነር፣ የኬንዎርዝ ወይም የቮልቮ ዲለር ጋ ብትሄዱ ዋራንቲና ብድር በአንድ ቦታ ታገኛላችሁ። ነገር ግን የንግድ ታሪክ የሌለው ሰው ወለዱ ይከብደዋል፤ አዲስ መኪና ከሆነ ደግሞ ያገለገለው ላይ የማይጣል 12 በመቶ የፌዴራል ታክስ አለበት። ጨረታውን፣ እነ ሪቺ ብራዘርስን፣ ሞተር አስነስተው በድምፁ ብቻ ብዙ ለሚያውቁ ተዉላቸው። እዚያ የሚሸጠው «እንዳለ» ነው፣ መመለስ የለም።

ብዙዎቻችሁ ግን የምትገዙት ከአገር ልጅ ነው፤ በቴሌግራም ወይም ከቅዳሴ በኋላ በሚወራ ወሬ። በመካከላችን ያለውን መተማመን እወደዋለሁ፣ ብዙዎቻችንን እዚህ ያደረሰን እሱ ነው። ስለዚህም ነው በወረቀት እንድትጠብቁት የምለምናችሁ። አንድ ሰው «ይህን ያህል ስጠኝና ቀሪውን የባንክ ክፍያ አንተ ቀጥል» ካላችሁ፣ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) በስማችሁ እስካልዞረና ባንኩ እስካልተስማማ ድረስ መኪናው የእናንተ አይደለም። እናንተ በየወሩ ብትሰጡትም እሱ ለባንኩ ባያስገባ መኪናው ይወሰዳል፤ የተማመናችሁበት ወዳጅነትም አብሮ ይሄዳል። ታይትሉን በዓይናችሁ እዩ፣ ዕዳ እንዳለበትና እንደሌለበት አጣሩ፣ የሻሲ ቁጥሩን ከመኪናው ጋር አመሳክሩ።

ሊዝ ፐርቸስ ላይ፣ ማለትም መኪናውን ከካምፓኒ እየተከራዩ ክፍያው ሲያልቅ የራስ ማድረግ ላይ፣ ጠንከር ብዬ ልናገር። ያለ ቅድሚያ ክፍያ ስለሚሰጥ ገንዘብ ላጣ ወጣት በር የተከፈተ ይመስላል። አሠራሩን እዩት፦ መኪናውን የሚያከራያችሁ፣ ሎድ (የምትጭኑትን ጭነት) የሚሰጣችሁና ከሂሳባችሁ ላይ የሚቆርጠው ያው አንድ ካምፓኒ ነው። ሎድ ሲቀንስ ክፍያው አይቀንስም። ከመጨረሻው ክፍያ በፊት ከወጣችሁ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጃችሁን ትወጣላችሁ። ኮንግረስ ባዘዘው መሠረት የተቋቋመው የትራክ ሊዝ ግብረ ኃይል ጉዳዩን መርምሮ በጃንዋሪ 2025 እንዲህ ያለው ፕሮግራም እንዲከለከል ሐሳብ አቅርቧል። እኔም ለልጄ የምመክረው እንዳይገባበት ነው።

ከየትም ብትገዙ፣ ሻጩ የማያውቀው ሜካኒክ ይመርምረው። የሞተሩን ኮምፒውተር ያንብብ፣ የዘይት ናሙና ወስዶ ላቦራቶሪ ይላክ፣ ከሥር ገብቶ ሻሲውን ይይ፤ ክረምት ላይ መንገድ ላይ ጨው ከሚረጩ የሰሜን ስቴቶች የመጣ መኪና ዝገቱ ያለው እዚያ ነው። የጭስ ማጣሪያው ተነቅሎ የወጣለት መኪና «ችግር የለውም፣ ነዳጅ ይቆጥባል» ተብሎ ይቀርብላችኋል። የፌዴራል ሕግ ይከለክለዋል፤ አትንኩት። ካሊፎርኒያ ለመሥራት ያሰባችሁ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ በጥቅሉ የ2010 ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራ ሞተር እንደሚጠየቅ እወቁ።

መኪና ከመምረጣችሁ በፊት ለኢንሹራንስ ደውሉ። ለጠቅላላ ጭነት ሕጉ የሚጠይቀው የ750 ሺህ ዶላር ሽፋን ነው፤ ጭነት የሚያገናኙት ብሮከሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊዮን ይሻሉ፣ ለአዲስ ኤምሲ (በራስ ስም ጭነት የማጓጓዝ ፈቃድ) ደግሞ ዋጋው ይከብዳል። ብዙ ብሮከሮች ለአዲስ ኤምሲ ሎድ አይሰጡም፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት መኪናችሁን ይዛችሁ በሌላ ካምፓኒ ሥር ብትሠሩ ይሻላችኋል።

እቁባችሁንም ሁሉ ለዳውን ፔይመንት አታውጡት። የመጀመሪያው ሎድ ክፍያ እስከ 30 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ነዳጁ ግን ዛሬውኑ ይከፈላል፣ የጭስ ማጣሪያው መብራትም በመጀመሪያው ሳምንት ሊበራ ይችላል። የሁለት ወር ክፍያና አንድ ከባድ ጥገና የሚችል ገንዘብ በባንክ ካልቀረላችሁ፣ ለካምፓኒ እየነዳችሁ ሌላ አንድ ዙር እቁብ ጠብቁ።